ከጅረት ዳር አልደር ስለ መትከል

በአሜሪካዋ ሲያትልና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ግቢው ከጅረት ጋር የሚዋሰን ሰው ሁሉ፣ ስሙን ባያውቅ እንኳ፣ አልደርን በመልኩ ያውቀዋል። ግንዱ ግራጫ ሆኖ የዛፍ ሽበት በነጭ ያዥጎረጎረው፣ መንገድ በተቆረጠበት ገደል፣ ጎርፍ በጠረገው ደለልና ውሃ በሚያቁር ረባዳ ቦታ ማንም ሳይተክለው በቅሎ የሚገኝ ቀጥ ያለ ዛፍ ነው። የግቢ ማስዋብ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ፊታቸውን ያዞሩበታል፤ ቶሎ ያረጃል፣ ቅርንጫፉን ንፋስ ይሰብረዋል፣ ሌሎች ዛፎች በጥቅምት ቢጫና ቀይ ሲለብሱ እሱ ቅጠሉን አረንጓዴ እንደሆነ ያራግፋል ይላሉ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። እኔም ይህን እያወቅሁ ነው ከቤታችን በታች በምታልፈው ትንሽ ጅረት ዳር የተከልሁት፤ ዛሬም ሌላ ባዶ ዳርቻ ቢሰጠኝ መጀመሪያ የምተክለው እሱኑ ነው። የዚህ ዛፍ ዋጋ ያለው ለመሬቱ፣ ለውሃውና ከእሱ በኋላ ለሚበቅለው ዛፍ በሚሠራው ሥራ ላይ ነውና።

ቀይ አልደር የሚባለው ይህ ዝርያ የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ የባሕር ዳርቻ ተወላጅ ነው። ከአላስካ ደቡብ ምሥራቅ ተነሥቶ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በዋሽንግተንና በኦሪገን በኩል እስከ ካሊፎርኒያ ይወርዳል፤ ከባሕሩ ርቆ ወደ መሐል አገር አይዘልቅም፣ ከፍ ወዳለ ተራራም እምብዛም አይወጣም። በሰሜን አሜሪካ ካሉት አልደሮች ሁሉ ግዙፉ እሱ ሲሆን፣ በተስማማው ቦታ በ5 ዓመት 9 ሜትር፣ በ20 ዓመት ደግሞ 24 ሜትር ያህል ይደርሳል። እንዲህ የሚቸኩል ዛፍ ዕድሜው አጭር ቢሆን አይገርምም፤ ከ60 እስከ 70 ዓመት ሲሆነው አርጅቷል፣ 100 ዓመት የሚሞላው ጥቂቱ ነው። ባሕር ዛፍ ሲያድግ እያየ ላደገ ኢትዮጵያዊ ፍጥነቱ ብዙም ላያስደንቀው ይችላል። ሆኖም ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣና ምንጭ አጠገብ እንዳይተከል የሚመከር ዛፍ ሲሆን፣ አልደር ግን የዚሁ የውሃ ዳር ልጅ ነው።

የእኛ ዳርቻ ስንገባበት አልደርም ሌላ ዛፍም አልነበረበትም። ዳር እስከ ዳር የወረሰው እዚህ ሂማላያን ብላክቤሪ የሚሉት እሾሃም እንጆሪ ነበር፤ ይህ ተክል አገሩ አርመንያና ሰሜን ኢራን አካባቢ ሲሆን፣ ሉተር በርባንክ የተባለ የካሊፎርኒያ ዕፅዋት አዳቃይ እ.ኤ.አ. በ1885 ለአሜሪካ ካስተዋወቀው ወዲህ የምዕራቡን ዳርቻ ጅረቶች አንድ በአንድ ይዟቸዋል። ፍሬው ይጣፍጣል፣ ልጆች ይወዱታል፣ ነገር ግን ረጅም ዘንጉ ጎንበስ ብሎ ጫፉ መሬት በነካበት ሁሉ ሥር ይሰድዳል፣ ከጥላው በታችም ሌላ ችግኝ አያሳልፍም። ከላይ ብቻ ማጨድ ትርፉ ድካም ነው፤ ከግንዱ ሥር እንደ ቡጢ የቋጠረውን ጉጥ በዶማ ካላወጡት ከወር በኋላ እንዳልታጨደ ይሆናል። ሰዎች አልደር ስለ መትከል ሲጠይቁኝ ከሁሉ በፊት የምነግራቸው ይህን ነው፤ መትከሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ቦታውን ማጽዳቱና የጸዳውን መጠበቁ ግን ዓመታት ይበላል። በጅረቱ አልጋ ውስጥ ገብቶ መቆፈር፣ ድንጋይ መደርደር ወይም የውሃውን መንገድ መለወጥ ደግሞ የዋሽንግተን ግዛት የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚያስፈልገው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዳርቻውም ቢሆን በየከተማው ደንብ የተጠበቀ ስለሆነ መጋዝ ከማንሳት በፊት መጠየቅ ይገባል።

ችግኞቹን የገዛሁት በዚህ አገር ክረምት፣ በብርዱ ወቅት መጨረሻ፣ ሥራቸው አፈር ሳይለብስ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልለው ከሚሸጡበት ቦታ ነው። ያን ሰሞን ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ሊጠይቁን መጥተው የነበሩ አጎቴ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ ሰው ናቸው፣ አብረውኝ ለመትከል ወረዱ። አንዱን ችግኝ ከጥቅሉ አውጥተው ሥሩን በጣታቸው እየለዩ ሲያዩ ዝም አሉ፤ ከዚያም ሥሩ ላይ እዚህም እዚያም የተጣበቁትን የምስር ፍሬ የሚያህሉ፣ ወደ ብርቱካናማ የሚያደሉና ጎርበጥ ጎርበጥ ያሉ እባጮች በጥፍራቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ ይህ ባቄላ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ባቄላስ አይደለም ጋሼ፣ ዛፍ ነው፤ ሥራው ግን የባቄላ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያማ ማዳበሪያ አትግዛለት።»

በአንዲት ዓረፍተ ነገር የተናገሩት ነገር ስለ ዛፉ ከተጻፉት ምክሮች ሁሉ ዋናው ነው። ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው ባቄላ የተነሣበት ማሳ በዓመቱ ስንዴውን ያሳምረዋል፤ ምክንያቱም በባቄላ ሥር ያሉት እባጮች ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ተክሉ ሊመገበው ወደሚችል መልክ ስለሚለውጠው ነው። በአልደር ሥር የሚኖረው ከባቄላው የተለየ፣ ፍራንኪያ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ አገር ቤት በየግቢው አጥር የሚተከለው ሸውሸዌም የሚጠቀመው የዚሁ የፍራንኪያ ወገን በሆነ ባክቴሪያ ነው። አልደር ብቻውን ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ለም ቦታ በአንድ ሄክታር በዓመት 100 ኪሎ ናይትሮጅንና ከዚያም በላይ ወደ መሬት ሊገባ ይችላል፤ በማዳበሪያ ቋንቋ ሲመነዘር ከ2 ኩንታል የሚበልጥ ዩሪያ ማለት ነው። መሬቱ አስቀድሞ በናይትሮጅን ከጠገበ ግን ዛፉ እባጮቹን የማብዛት ምክንያት አይኖረውም። ስለዚህ በመትከያው ጉድጓድ ፍግም ሆነ ዩሪያ የሚጨምር ሰው ዛፉን ከሥራው እየፈታው ነው።

ይህ ችሎታ ነው አልደርን የባዶ መሬት ቀዳሚ የሚያደርገው። ሴንት ሄለንስ የተባለው እሳተ ገሞራ ሜይ 18 ቀን 1980 ፈንድቶ የተራራውን ሰሜናዊ ጎን ወደ ሸለቆው ሲያፈስሰው፣ ናይትሮጅን የሌለው አመድና ድንጋይ ብቻ በቀረበት ስፍራ በኋላ ጫካ ሆነው ከተነሡት ዛፎች መካከል ቀይ አልደር ይገኝበታል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው፤ አንድ ኪሎ ዘር ውስጥ ከሚሊዮን የሚበልጥ ፍሬ ሊኖር ይችላል። ንፋስ ይዞት ይሄዳል፣ የሚበቅለው ግን ቅጠልና ሣር ያልሸፈነው እርጥብ አፈርና ሙሉ ፀሐይ ሲያገኝ ነው። በእኛም ዳርቻ እንጆሪውን ነቅለን አፈሩ በተገለበጠበት ቦታ፣ እኛ ከተከልነው ሌላ ራሱ የዘራቸው ችግኞች ብቅ ብለዋል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም በእጅ የተተከሉትን አልፈዋቸዋል። ከጅረቱ በላይ ያረጁ አልደሮች ያሉት ጎረቤት ያለው ሰው ችግኝ መግዛቱ አስፈላጊ ላይሆን ይችላል፤ አፈሩን አጋልጦ እንጆሪው እንዳይመለስ መጠበቅ ይበቃው ይሆናል።

ለመትከል የሚሻለው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ዛፉ ቅጠል ሳይኖረውና መሬቱ በዝናብ ረክቶ ሳለ ነው። እዚህ ዝናቡ ከብርዱ ጋር ይመጣና አገር ቤት ጎርፍ በሚወርድበት በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ይዘጋል፤ ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ይህ የተገለበጠ ወቅት እስኪለመድ ድረስ ግራ ያጋባል። የአልደር ችግኝ የሚሞተው በክረምት ውሃ ሲተኛበት አይደለም፤ ያንን ይችለዋል። የሚሞተው በመጀመሪያው በጋ፣ ሥሩ ወደ ታችኛው እርጥበት ሳይደርስ የላይኛው አፈር ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱን የመጀመሪያ በጋዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ጥልቅ አድርጎ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል። ጉድጓዱ ሥሩን ዘርግቶ ለማስቀመጥ የሚበቃ ስፋት ይኑረው እንጂ ጥልቀቱ ከሥሩ አይብለጥ፤ ግንዱ ከሥሩ የሚለይበት ቦታ ከአፈሩ እኩል ይሁን። ዙሪያውን የእንጨት ፍቅፋቂ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አድርጎ መጎዝጎዝ እርጥበቱን ይይዛል፣ ሣሩንም ያፍናል፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ፣ አይጦች ከሥሩ ተሸሽገው የለጋውን ቅርፊት ዙሪያውን ይበሉታልና። በቁመታችን ልክ ሲሆን ደግሞ ቢቨር ይመጣል። ዛፍ በጥርሱ ገዝግዞ የሚጥለው ይህ እንስሳ በከተማዋ ጅረቶች ውስጥ እንደገና በዝቷል፤ ወፍራም የሽቦ መረብ ከግንዱ ራቅ አድርጎ ማቆም ብቻ ነው የሚያስመልጠው። ቢቨሩን መውቀስ አይቻልም፣ ጅረቱ የእሱም ቤት ነው፤ ግን ሁሉንም እንዲወስድ መፍቀድም አይቻልም።

አሁን ወደ ቅጠሉ ልመለስ፤ ምክንያቱም ስለዚህ ዛፍ ከሚነገረው ነቀፌታ ይልቅ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚያ ነው። ብዙ ዛፎች ቅጠላቸውን ከማራገፋቸው በፊት በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ወደ ግንዳቸው ይመልሱታል፤ አረንጓዴው ሲጠፋ ቢጫው የሚታየው በዚህ መሐል ነው። ናይትሮጅን የማይቸግረው አልደር ግን ይህን ቁጠባ ብዙም አያደርግም፤ ቅጠሉን ከነምግቡ ይጥለዋል። በኅዳር መጀመሪያ ከጅረቱ ዳር ቁጭ ብዬ ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ቅጠል ሳነሣ፣ ጠርዙ በጣም በስሱ ወደ ታች ተጠቅልሎ ይታየኛል፤ ቀይ አልደርን ከዘመዶቹ ለመለየት ሁነኛው ምልክት ይህ ጥቅል ጠርዝ ነው። ሳምንታት ቆይቶ የተነሣው ቅጠል ደግሞ ሥጋው ተበልቶ አጥንቱ ብቻ እንደ ወንፊት ቀርቷል። የበሉት ከድንጋይ ሥር የሚኖሩ የውሃ ነፍሳት እጮች ናቸው፤ ናይትሮጅን የበዛበት የአልደር ቅጠል ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚለሰልስ ከጥድ ቅጠል ይልቅ ፈጥነው ይደርሱበታል። እጮቹን የሳልሞን ጫጩቶች ይበሏቸዋል። እንግዲህ ያ ሳይቀላ ስለረገፈ የተነቀፈው ቅጠል መጨረሻው ዓሣ ሆነ ማለት ነው።

ጥላውም ከቅጠሉ አይተናነስም። ሳልሞን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፤ የዋሽንግተን ግዛት የውሃ ጥራት ደንብ ሳልሞን ለሚራባባቸውና ለሚያድግባቸው ጅረቶች እንደየደረጃቸው 16 ወይም 17.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሙቀት ጣሪያ አበጅቷል። ዳርቻው የተራቆተ ትንሽ ጅረት በሐምሌ ፀሐይ ከዚህ በላይ ለመሞቅ ብዙ አይቸገርም፤ ሲዳርና ዳግላስ ፈር የሚባሉት ታላላቅ ጥዶች እስኪያድጉ መጠበቅ ደግሞ አሥርተ ዓመታት ይወስዳል። አልደር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ውሃው ላይ ጥላ የሚጥል መሆኑ ብቻ ለእኔ በቂ ምክንያት ነበር።

ይህን ስል ግን ዛፍ ሁሉንም ያድናል ማለቴ አይደለም። በሲያትል ምዕራብ ወደ ዱዋሚሽ ወንዝ በሚፈስሰው በሎንግፌሎ ጅረት ኮሆ የሚባሉት ሳልሞኖች እንቁላላቸውን ሳይጥሉ ሲሞቱ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች ምክንያቱ ከመኪና ጎማ የሚረግፍ ኬሚካል በአየር ውስጥ ካለው ኦዞን ከተባለ ጋዝ ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው መርዝ መሆኑን አሳይተዋል። የመንገድ ጎርፍ በአፈርና በበሰበሰ ዕፅዋት ድብልቅ ውስጥ ተጣርቶ ሲያልፍ ዓሣውን እንደማይገድል በሙከራ ታይቷል፤ በቱቦ ቀጥታ ጅረቱ ውስጥ ሲደፋ ግን ዳር የቆመ ዛፍ ምን ያደርገዋል? የአልደር ልግስናም ቢሆን ያለ ዋጋ አይደለም፤ በኦሪገን የባሕር ዳርቻ ተራሮች የተደረጉ ጥናቶች አልደር በበዛበት ተፋሰስ የሚወርደው ውሃ ናይትሬት የሚባለው የናይትሮጅን ውሁድ ከፍ እንደሚልበት አሳይተዋል፣ ለረጅም ጊዜ አልደር ብቻ የቆመበት አፈርም አሲዳማነቱ ይጨምራል። ለዚህ ነው አልደርን ብቻውን መትከል የማልመክረው።

የከተማዋ ደኖች ራሳቸው ትምህርት ቤት ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ታላላቆቹ ጥዶች ተቆርጠው ካለቁ በኋላ በፓርኮቹ ውስጥ የበቀሉት በአመዛኙ አልደርና ቅጠለ ሰፊው ሜፕል ነበሩ። አልደሮቹ አሁን ዕድሜያቸውን ጨርሰው እየወደቁ ነው፤ በደንቡ ከሥራቸው ተተኪ የሲዳርና የዳግላስ ፈር ችግኝ መኖር ነበረበት፣ ነገር ግን ዘር የሚሰጡት እናት ዛፎች ስላልነበሩና መሬቱን አይቪ የሚባለው ሐረግና እንጆሪ ስለወረሱት ተተኪ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ግሪን ሲያትል ፓርትነርሺፕ የተባለው የደን ማደሻ ጥምረት 2,500 ኤከር የሚሆን የፓርክ ደን ለማዳን የተነሣው በዋነኛነት ይህን ክፍተት አይቶ ነው። እኔም ከዚህ ተምሬ በየአልደሩ መካከል፣ በሦስት በሦስት ሜትር ርቀት፣ ጥላ የሚችለውን ሲዳር ተክያለሁ፤ ዳግላስ ፈሩን ፀሐይ ወደሚያገኝበት ወደ ላይኛው ጠርዝ አወጣሁት። ሲዳሮቹ ዛሬ ጉልበት አይደርሱም። የአልደር ግንድ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል፣ የሲዳር ግንድ ግን ጅረቱን አግዶ ዓሣ የሚያርፍበትን ኩሬ እየሠራ ለትውልድ ይቆያል፤ ስለዚህ ያንን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

ከቤት ጋር ስላለው ጉዳይ ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። አልደር ከጣሪያ፣ ከመኪና ማቆሚያና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ቢያንስ 10 ሜትር የሚርቅበት ቦታ የሌለው ሰው ባይተክለው ይሻላል፤ ሲያረጅ ጫፉ ይደርቃል፣ ቅርንጫፉም ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል። ሥሩ እርጥበት ፈላጊ ስለሆነ የተሰነጠቀ የፍሳሽ ቱቦ አጠገብ ማቆሙ ራስ ምታት መግዛት ነው። ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ቅጠል ከመውጣቱ በፊት እንደ ጅራት የሚንጠለጠሉት ቀላ ያሉ የወንድ አበባዎቹ በንፋስ የሚበተን ብናኝ ስላላቸው አለርጂ ያለበትን ሰው ያስለቅሳሉ፤ በቤታችንም የሚያስነጥስ አለ። በአንዳንድ ዓመታት ድንኳን ሠሪ አባጨጓሬ ቅጠሉን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ያን ጊዜ ጎረቤት ሁሉ መርጫ ይዞ ይመጣል፤ ዛፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በጋ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ በጅረት ዳር ደግሞ ማንኛውንም ፀረ ተባይ መርጨት ለዚያው ለምንመግበው ዓሣ መርዝ መስጠት ነው።

እንጨቱን በተመለከተ፣ የደን ባለቤቶች ለረጅም ጊዜ እንደ አረም እየረጩ ሲያጠፉት የኖሩት ዛፍ ዛሬ የቁም ሣጥንና የወጥ ቤት ካቢኔ እንጨት ሆኖ ይሸጣል፤ ፌንደር የተባለው ፋብሪካም እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ጊታሮቹን አካል ከአልደር ሠርቷል። ከእነሱ ሁሉ በፊት ግን የዚህ ዳርቻ ነባር ሕዝቦች ሳሕንና ጭምብል ይቀርጹበት፣ ሳልሞን ያጥኑበት፣ ሲላጥ ወደ ቀይ ከሚለወጠው ቅርፊቱም ቀለም ያወጡ ነበር። አጎቴ ቅርፊቱን በቢላ ጫር አድርገው ጣታቸው ሲቀላ አይተው፣ «ይህስ ለስፌት አክርማ ይሆናል» ብለው ነበር። ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ እስካሁን የሞከረው ሰው ግን በቤታችን የለም።

ግቢያቸው ለአልደር የማይበቃ ወዳጆች ጅረታቸውን ባዶ መተው የለባቸውም። የዚሁ አገር ተወላጅ የሆኑት ሲትካ የሚባለው አኻያና ቀይ ዘንግ ያለው ዶግውድ የተባለ ቁጥቋጦ ቁመታቸው አያስፈራም፣ ሥራቸውም ዳርቻውን አጥብቆ ይይዛል። ችግኝ መግዛትም አያስፈልጋቸውም፤ በክረምት፣ ቅጠል ሳይኖረው፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ በአንድ ሜትር ርዝመት ቆርጦ፣ የታችኛውን ጫፍ አሹሎ፣ እንቡጦቹ ወደ ላይ መሆናቸውን አረጋግጦ፣ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ እስኪቀበር በእርጥቡ አፈር ውስጥ መቸከል ነው። አገላብጠው የተከሉት አይጸድቅም፤ ስለዚህ ሲቆርጡ የታችኛውን ጫፍ ሁልጊዜ ሰያፍ፣ የላይኛውን ቀጥ አድርገው ይቁረጡ።